ለረጅም ሰው የተሰፋ ኮርቻ

"ይብቃኝ እትዬ ቨርና፤ አውርዱኝ" አለ ኤልደን። ከምሰሶው ጋር በገመድ ታስሮ ወደ ኋላ ተንጋሏል። እግሮቹ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ያለች የብረት መርገጫ ላይ ተጨናንቀዋል፤ ቀበቶው ዳሌውን ግራና ቀኝ እንደ ጉጠት ይዞታል። ይህ የሞከረው ሦስተኛው ኮርቻ ነበር። የመጀመሪያው እግሩን አደነዘዘው፣ ሁለተኛው ወገቡን ቆረጠው፣ ይኸኛው ደግሞ ዳሌውን ሊሰብረው ምንም አልቀረውም።

ወይዘሮ ቨርና ከስፌት መኪናቸው ጀርባ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ቀድሞ የላም ጋጣ በነበረው በዚህ ቤት ለአዳኞች ኮርቻ መስፋት ከጀመሩ ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። ኮርቻ ሲባል የፈረስ አይደለም። አዳኙ ከወገቡ በታች የሚታጠቀው ሰፊ ጨርቅ ነው፤ በገመድ ከግንዱ ጋር ይያያዝና ሰውየው ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ ይቀመጥበታል። አጋዘን እስኪመጣ ግማሽ ቀን ቢሆንም እዚያው ነው።

ወይዘሮዋ ተነሥተው ገመዱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ይኼን እዚህ ጋ ያሰረው ማነው?"

"እኔ ነኛ። ራሴ አስራለሁ አላልኩም?"

"ደረትህ ላይ?"

"ሰው ሲያስር ያየሁት እዚህ ጋ ነው።"

"ያየኸው ሰው ቁመቱ ስንት ነው?"

ኤልደን ያየው ሰው የእህቱ ባል ኪርቢ ነው። አምና ኪርቢ ጓሮ ውስጥ ሲለማመድ፣ ኤልደን በወጥ ቤቱ መስኮት ተደብቆ እያንዳንዱን ነገር አጥንቶ ነበር። ወጥቶ "እስቲ አሳየኝ" ማለት ሞት መስሎ ታየው። ስለዚህ ኪርቢ ገመዱን ያሰረበትን ቁመት በዓይኑ ለክቶ ያዘ። ኪርቢ ያሰረው በራሱ ግንባር ልክ ነው፤ የኪርቢ ግንባር ደግሞ ለኤልደን ደረቱ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው የአጭር ሰው ዕውቀት ሲሰርቅ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ወይዘሮ ቨርና መሰላል ላይ ወጥተው ገመዱን ከራሱ በላይ አሰሩት። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጭኑን ለኩ። "ሱቁ ሁሉ የሚጠይቅህ ወገብህን ነው። የረጅም ሰው ጣጣ ወገቡ አይደለም፣ ጭኑ ነው። ታች የታሰረ ገመድ ዳሌህን ይጨምቃል፤ ላይ የታሰረ ያቅፍሃል።" ከመደርደሪያው ሁለት ቁራጭ ያለውን ኮርቻ አወረዱለት፤ አንዱ መቀመጫውን፣ ሌላው ጭኑን እስከ ጉልበቱ አቅራቢያ የሚይዝ። መርገጫውንም ለዚያ መርከብ ለሚያህል ጫማው በሚበቃ ቀየሩት።

ኤልደን ተቀመጠና ሕመሙን ጠበቀ። ሕመሙ አልመጣም። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ ዐሥር ደቂቃ ሆነ፣ አልመጣም። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በመኪና ወንበር፣ በአውሮፕላን፣ በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ተጣጥፎ የኖረ ሰው ነውና ዓይኑ ውስጥ እንባ ቢጤ ሲመጣበት አፈረ።

"ያ አጭሩ ልክ ነው ያለው" አሉ ወይዘሮ ቨርና፣ ትርፍ ማሰሪያውን እየቆረጡ። "ነሐሴ ላይ መጥቶ 'የሚስቴ ወንድም ቁመቱ ዛፍ ነው፤ የሚሆነው ነገር አለዎት ወይ' ብሎኝ ነበር። ሥዕል ሁሉ ሥሎልኛል። ጉልበትህን ከጆሮህ በላይ አድርጎት።"

ኤልደን ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። እዚህ የመጣው በራሱ ብልሃት መስሎት ነበር፤ ሚስቱ ናት አድራሻውን የሰጠችው፣ እሷ ደግሞ ከማን እንደሰማች አሁን ገባው። ኮርቻውን ፈትቶ ሊጥለው እጁን ሰደደ። ዳሌው ግን እምቢ አለው። ከፍሎ ወጣ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድ የኦክ ዛፍ ነው። ከአባቱ ከሃርላን በቆሎ ማሳ ጀርባ፣ ረግረጉ በሚጀምርበት ጥግ ላይ ይገኛል። በኅዳር መጀመሪያ፣ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴት ሲያሳድዱ፣ በዚያ የማያልፍ ባለ ቀንድ የለም። በሃርላን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የመሬቱ ካርታ ተሰቅሏል፤ በየዛፉ ላይ የባለቤቱ ስም በእርሳስ ተጽፏል። በሰው ስም የተጻፈ ዛፍ ላይ ባለቤቱ ካልፈቀደ ሌላው አይወጣም፤ ወንድምም ቢሆን። የኦኩ ስም አርባ ዓመት ሙሉ "ሃርላን" ነበር። ሽማግሌው ግን በጸደይ ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከእንግዲህ ዛፍ ላይ እንደማይወጡ ሐኪሙ ነገራቸው። ስለዚህ አንዱ ይወርሰዋል።

ኤልደን ልጅ ነው፤ ብቸኛ ወንድ ልጅ። በሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። በሃርላን ቤት ግን ደንቡ "ዛፍ የሚገባው ለሚቀመጥበት ነው" የሚል ነው፤ ኤልደን ደግሞ መቀመጥ አይችልም። ኦኩ ላይ ያለውን ማማ አባቱ በራሳቸው ልክ ነው የሠሩት። ኤልደን ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ አባቱ እዚያ ባስቀመጡት ቁጥር ጉልበቱ አገጩ ሥር ይገባል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እግሩ ይደነዝዛል፤ እግሩን ሲዘረጋ ጫማው የመሰላሉን ብረት ኳ ያደርገዋል። አጋዘኑም ነጭ ጅራቱን አቁሞ ይሄዳል። የቤቱ ቀልድ ሆኖ ቀርቷል። ማሳ ማዶ አንድ ነገር ኳ ባለ ቁጥር "ኤልደን ደርሷል" ይባላል።

ኪርቢ ማርላን አግብቶ ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት። የትም ቦታ ሲያስቀምጡት እንደ ድንች ጆንያ ይቀመጣል። በዘጠኝ ዓመት ስድስት ትልልቅ ባለ ቀንዶች ጥሏል። ሃርላን ሲጠሩት "ልጄ" ይሉታል፤ ኤልደንን ግን "ኤልደን" ነው የሚሉት። ኤልደን ይህን ቆጥሮ ይዟል። ቀንቷል፣ እንደ ሕፃን ቀንቷል። ራሱም ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን አንዲት ቀን እንኳ አስታግሶለት አያውቅም። የሚያናድደው ደግሞ ኪርቢ ክፉ አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ይጠላውና ያርፍ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ አብረው ማሳውን አቋረጡ። ሃርላን ወስነው ነበር፤ ዛሬ ኪርቢ ኦኩ ላይ፣ ኤልደን አጥሩ ዳር ያለው ጥድ ላይ፤ ነገ ይቀያየራሉ። ከዚያ እርሳሱን አነሣለሁ ብለዋል። ጥዱ ሥር ሲደርሱ ኪርቢ ኮርቻውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ስፌቱን አደነቀ፤ ገመዱን ከራሱ በላይ እንዲያስር ሊነግረው ሲጀምር ኤልደን "አውቃለሁ" ብሎ አቋረጠው።

ወጥቶ ተቀመጠ። አንደኛው ሰዓት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በረዶ ቢጤ በሣሩ ላይ ነጥቷል፤ ሽኮኮዎች ቅጠሉን ያንኮሻኩሻሉ። እግሩን ማንቀሳቀስ ሲያምረው ኮርቻው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይሽከረከራል፤ ድምፅ የለም። አደን ማለት ይኼ ነው ለካ ሲል አሰበ። ሃያ ስምንት ዓመት ሌሎቹ የሚያወሩለትን ጸጥታ እሱ አንድም ቀን አላገኘውም ነበር። ደስ አለው። ከደስታው ጋር ግን ንዴቱ መጣ፤ ኪርቢ ይህን በየዓመቱ ሲያጣጥመው ኖሯል።

ሦስት ሰዓት ላይ አጋዘኑ ከረግረጉ ወጣ። ኤልደን መጀመሪያ ያየው ቀንዱን ነው፤ የደረቀ ቅርንጫፍ መስሎት ነበር። ዐሥር ጫፍ አለው፣ አንገቱ አብጧል፣ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ የሴቲቱን ዱካ እያሸተተ ይሄዳል። ሰባ እርምጃ ይርቃል፤ የኤልደን ቀስት ደግሞ ከሠላሳ በላይ አይታመንም። ወደ እሱ አልዞረም። ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ኦኩ ነው የሚሄደው።

ኤልደን ኪርቢን በቅጠሎቹ መሀል አየው። ቀስቱን ቀስ ብሎ እያነሣ ነው። የቀረው በጣም ጥቂት እርምጃ ነው። ኤልደን ሁሉንም አስቀድሞ አየው፤ የአባቱን ፊት፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን እጅ፣ "ልጄ" የምትለውን ቃል፣ ካርታው ላይ የሚጻፈውን ስም። ነገ የሚሉት ተራም ትርጉም አይኖረውም። 

እግሩ አልደነዘዘም ነበር። ምንም አላመመውም። ቀኝ እግሩን አንድ ስንዝር አነሣና የጫማውን ተረከዝ መርገጫው ላይ ኳ አደረገው።

አጋዘኑ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ነጩ ጅራት ብቻ ታየ፤ ከዚያ እሱም አልታየም።

ኪርቢ ወርዶ መጣ። ኤልደን ከላይ ሆኖ የሚመጣበትን ስድብ ጠበቀ፤ እንዲሰድበው ፈልጎም ነበር። ኪርቢ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን እያከከ ቀና ብሎ አየው።

"ጡንቻህ ተኮማተረብህ?"

"አዎ" አለ ኤልደን።

"በጣም ነው የሚያመው እሱ። ና ውረድ፣ ቀስ በል። ግራ እግርህን መጀመሪያ።" መሰላሉን ያዘለት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌው ሃርላን በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በሌላው የአጋዘን ቋሊማና እንቁላል እየጠበሱ ነበር። ሁለቱ ገና ከበሩ ሲገቡ ሽማግሌው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ። ኪርቢ ቀድሞ ተናገረ፤ ትልቁ መምጣቱን፣ ቀንዱን፣ ሃያ እርምጃ ሲቀረው የኤልደን ጫማ ኳ ብሎ መሄዱን። ከዚያ ጥፋቱ የኮርቻው ነው አለ፤ የራሱም ነው አለ፣ ወደዚያች ሴትዮ እንዲሄድ ያደረገ እሱ ነውና።

ሃርላን ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እውነት ነው?"

"ዳሌዬን ይቆነጥጠኛል" አለ ኤልደን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ቋሊማውን ገለበጡ። ኤልደን በዚህ ድምፅ ውስጥ ፍርዱን ሰማ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያው ኳታ፣ ያው ሰው። ይሁን፣ ቢያንስ ኪርቢም ዛሬ ባዶ እጁን ነው ብሎ ተጽናና።

ኪርቢ ግን አልተቀመጠም። "አባባ፣ አንድ ነገር ልበል?" አለ። "ይኼን ሰው በእርስዎ ልክ በተሠራ ማማ ላይ አስቀምጠን እኮ ነው ስንፈርድበት የኖርነው። እኔ እዚያ ስቀመጥ ሳሎን ነው የሚመስለኝ። እሱን ግን እንደ ካልሲ አጥፈን ነው የጨመርነው። ዛፉን ለሱ ይስጡት። ማማውን አፍርሼ በሱ ቁመት እሠራዋለሁ፣ እንጨቱም አለኝ። እኔ የትም ብሆን ግድ የለኝም።"

"አንተስ?" አሉ ሃርላን።

"ጥዱ ይበቃኛል።"

ሃርላን እሳቱን አጠፉ።  "ስሠራው ስለሱ አላሰብኩም ነበር" አሉ መጥበሻውን እያዩ። "ያኔ ሕፃን ነበር። ካደገ በኋላ ደግሞ መልሶ መሥራቱ ታከተኝ።" ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ካርታው ሄዱ። የራሳቸውን ስም በላጲስ ጠረጉት፤ አርባ ዓመት ስለቆየ ወረቀቱ ላይ ጠባሳው ቀረ። ከዚያ እርሳሱን አንሥተው "ኤል" ብለው ጻፉ፤ በአንድ እጅ ምርኩዝ ይዘው ሲጽፉ ፊደሉ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ኪርቢ የኤልደንን ጀርባ በእጁ መታ መታ አደረገው። እጁ የደረሰው ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የተመኘው ነገር ይኸው ነበር። ዝም ቢል ዛፉ የሱ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ደግሞ ዝንብ አይገባበትም። ኤልደን ግን ደስታ ሲፈልግ ያንኑ የሚያውቀውን ቅናት ብቻ አገኘ። ኪርቢ አጋዘኑን ቢጥል ይሻለው ነበር። አጋዘንማ ነገም ሌላ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ቸርነት ግን እሱ አንድም ቀን ኖሮት አያውቅም፤ ቢኖረው ኖሮ አባቱ ፊት እንዴት ያምርበት ነበር። በየኅዳሩ እዚያ ዛፍ ላይ ሲወጣ ኪርቢ በሠራው ማማ፣ ኪርቢ በለመነለት ስም፣ ኪርቢ በጠቆመው ኮርቻ ሊቀመጥ ነው። ያውም በውሸት።

"አባዬ፣ ቆይ" አለ።

እርሳሱ ቆመ።

"ኮርቻው አይቆነጥጠኝም። ተመችቶኛል። ከተወለድኩ እንዲህ ተመችቶኝ ተቀምጬ አላውቅም።"

ኪርቢ ቀልድ መስሎት ሊሥቅ ጀመረ፤ ከዚያ እጁን ከኤልደን ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። ሃርላን ፊታቸውን ከካርታው አላዞሩም።

"ታዲያ እግርህን ምን ነካው?"

"ምንም" አለ ኤልደን። "እግሬ ደህና ነበር።"