ሙርቬድሩን ያስወጣሁበት ዓመት

በቤታችን ቀይ ወይን ውስጥ ሦስት ዓይነት ፍሬ ይገባ ነበር። ግረናሽ ገና ከበር ሳይገባ የሚስቅ የድግስ እንግዳ ነው፤ ሞቃት፣ የሁሉም ወዳጅ። ሲራ ጥቁር ለብሶ የሚመጣው ኩሩ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ሙርቬድር ደግሞ ጥግ ይዞ የሚቀመጠው አማች ነው፤ ፊቱ አይፈታም፣ የፈረስ ኮርቻ ይሸታል፣ ጠብ ሲነሳ ግን የሚገላግለው እሱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ የሸተተኝ ኮርቻው ብቻ ነበር።

አባቴ ኦኖሬ ሦስቱን የሚቀላቅለው በጥር፣ ምሳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሾርባው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወይኑን እዚያው ሳህኑ ላይ ይገለብጥና በሁለት እጁ አንስቶ ይጨልጠዋል። ሾርባን በወይን መጨረስ የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ ወይን የሚፈትንበት ግን እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ የዱር አሳማ ወጥ ይቀርባል። ከወጡ ጋር ተናንቆ ያልተሸነፈው ቅልቅል በርሜል ይገባል።

ከሞንፔሊየ ዩኒቨርሲቲ በወይን ጥናት ተመርቄ ስመጣ ይህን አይቼ በሳቅ ሞትኩ።

«አባዬ፣ ወይን የሚቀመሰው በጠዋት፣ በባዶ ሆድ ነው። ከዚያ ይተፋል።»

«ይተፋል?»

«ይተፋል።»

«ሲዶኒ፣ ሰማሽ? ሶሌንን አምስት ዓመት አስተምረናት መትፋት ተምራ መጣች።»

ሲዶኒ ታላቅ እህቱ ናት፤ የወጡ ባለቤት። «ሕፃን ሳለች ጎመን ስትተፋ ዲግሪ አልሰጠናትም እኮ» አለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ሳለ ጥር ደረሰ። በጠዋት፣ በባዶ ሆዴ ቀመስኩ፤ ተፋሁ። ሙርቬድሩ ምላስ ያደርቃል። ከቅልቅሉ አስወጣሁትና ለጅምላ ነጋዴ ሸጥኩት። ፍሬው ካላስፈለገ የሚበቅልበት ላይኛው ማሳ ምን ይሠራል ብዬም ግንዶቹን በትራክተር አስነቀልኳቸው። አባቴና እናቴ በተጋቡ ዓመት በእጃቸው የተከሏቸው ነበሩ። እናቴን ከቀበርን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ደውዬ አላማከርኩትም፤ በሽተኛ አይጨነቅ ብዬ። ሰው ላጠፋው ጥፋት ደግነቱን ምስክር ሲጠራ አያፍርም።

ወይኑ ተወደደ። ጠርሙሱ ላይ «ከዶሮ፣ ከለጋ አይብና ከወዳጅ ጨዋታ ጋር ይስማማል» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋታ በምን ሹካ እንደሚበላ የጠየቀኝ የለም።

አባቴ ቤት ተመልሶ ከግቢ ሳይወጣ ወራት አለፉ። ስለ ማሳው እኔም ሲዶኒም ዝም አልን። በኅዳር የሰፈሩ አዳኞች የዱር አሳማ ሲያመጡልን ወጡ ተሠራ፤ የእኔ ወይን ተከፈተ። አባቴ ጎረሰ፣ ጠጣ፤ ደግሞ ጎረሰ፣ ጠጣ።

«ሲዶኒ፣ ዶሮ ካለሽ አምጪ። ይቺ ወይን ከአሳማ ጋር መዋሏን እናቷ አታውቅም።»

ሲዶኒ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እኔም ከወጡ ጎርሼ ጠጣሁ። እውነቱን ነው፤ አፌ ውስጥ የቀረው ወጡ ብቻ ነበር። የተማርኩት ትምህርት ሁሉ ስቡ ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

«ሙርቬድሩ የታለ?» አለኝ።

«ሸጥኩት።»

«ይሁን። የዘንድሮውን ትጨምሪበታለሽ።»

ሲዶኒ ሳህኗን ማየት ጀመረች። አባቴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ሶሌን፤ ግንዶቹስ?»

«የሉም፣ አባዬ።»

ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወጣት ጠጪዎች አዘጋጅቼው ነበር።

«ልክ አድርገሻል» አለ ቀስ ብሎ። «ምላስ ያደርቅ ነበር።»

«በጸደይ መልሼ እተክለዋለሁ።»

«ትከይ። ሥሩ ጠልቆ ለወጥ እስኪደርስ ሃያ ዓመት ነው። እኔ ሰባ ስምንት ነኝ።» ብርጭቆዬን ሞላልኝ። «ብቻ ያን ጊዜ ለማን እንደምትቀጂ አስቢበት።»

ተከልኩ። ግማሹ ያዘ፤ ግማሹን ድርቁ ወሰደው። ሁሉም ይዟል ብዬ ነገርኩት።

አሁን በምርኩዝ ይሄዳል፤ ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ አዞታል። ወደ ላይኛው ማሳ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፤ ጥላም አለው። እሱ በየጠዋቱ በወንዙ በኩል ያለውን ድንጋያማውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። በላይኛው ማሳ በኩል ይሻልሃል ልለው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ፤ የደረቁት ግን ከመንገዱ ይታያሉ።