የጨርቁ ተራራ

ፎቶ አንሺው አንድም ቀን ያልረገጠውን ተራራ ሃያ ጊዜ ወጥቶታል። እንዴት ቢሉ፣ በጨርቅ ነው። ስቱዲዮውን በከፈተ ሰሞን ሚስቱ ሁለት ሰፋፊ አንሶላ ገጥማ በእጇ ሰፋችለት፤ እሱ ደግሞ ካንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ እያየ አናቱ ነጭ የሆነ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ ከጎኑ አንዲት ዛፍ ሣለበት። ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ደንበኛው ከዚያ ምልክት አንድ እርምጃ ከወጣ የጨርቁ ጠርዝና የግድግዳው እርጥበት ፎቶው ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሙሽራም ይምጣ ሹም፣ "ከምልክቷ እንዳትወጡ" ሲል ይውላል።

ነገሩ የተበላሸው በቀልድ ነው። ልብስ ሰፊ የሆነው አብሮ አደጉ የሚኖረው እሩቅ፣ ሜዳ አገር ነው፤ እዚያ ከፍታ የሚባለው የውሃ ታንከር ማማ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው አንድ ቀን ጨርቁ ፊት ቆሞ ራሱን አነሳና፣ ከጀርባው "ከተራራው ላይ" ብሎ ጽፎ ላከለት። የሚስቅ መስሎት ነበር። ጓደኛው ግን ፎቶውን ከስፌት መኪናው በላይ እንደሰቀለው፣ በየዓመቱም ሌላ እንዲልክለት ጻፈ። እንግዲህ እንዲህ የተደሰተን ሰው "ጨርቅ ነው" ብሎ ማን ያሳፍረዋል? ላከ፤ በዓመቱም ላከ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ከበደው።

እውነተኛው ተራራ ደግሞ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነበር። ግን ሰው ተራራ የሚያየው በእረፍት ቀን፣ ፎቶ የሚነሳውም በእረፍት ቀን። ዛሬ ነገ ሲል ጸጉሩ ሸበተ።

ልብስ ሰፊው ታዲያ ያንን የመጀመሪያ ፎቶ በደረት ኪሱ ይዞ ከች አለ። ሦስት ቀን እንዳለው፣ ያቺ ዛፍ ሥር ቆሞ ሳይነሳም እንደማይመለስ ተናገረ። ሚስት ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ገባች። ፎቶ አንሺው ስቱዲዮው እድሳት ላይ ነው ብሎ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ይህ ሰው እውነቱን ቢያውቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ሞኝ እንዳደረገው ቆጥሮ ዳግመኛ ዓይኑን አያየውም፤ እሱ የፈራው ይህንን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን በተቃራኒው አቅጣጫ ወዳለ ፏፏቴ ወሰደው። ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ውሃው ከእግራቸው ሥር ተወርውሮ ታች ሳይደርስ ጉም ይሆን ነበር፤ መሬቱ በጫማቸው በኩል ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው ኮፍያውን አወለቀ። ፎቶ አንሺውም ሲያየው የመጀመሪያው ነበር፤ ግን መላልሶ ያየ ሰው አፉን አይከፍትምና ጥርሱን ነክሶ፣ "ክረምት ላይ ይብሳል" አለ።

በሁለተኛው ቀን ደመና ከበታቻቸው የተኛበት ገደል ላይ ቆሙ። ደመናው መሐል አንድ ቀዳዳ ተከፈተ፤ በቀዳዳው ውስጥ፣ እታች፣ የሰው ቤትና የተሰጣ ልብስ ይታይ ነበር። ፎቶ አንሺው መደነቁ እንዳይታወቅበት አንገቱን ደፋ። ሰዓቱን ያየ መሰለ እንጂ ሰዓቱን አላየም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሚስቱ ዳቦ እየጠቀለለችለት፣ "ዛሬ ካልነገርከው ተራራው ይነግረዋል" አለችው። እሱ ግን ተስፋው ተራራውን የሚሸፍንለት ጉም ነበር። ጸሎቱም የሰመረ መሰለ፤ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አሥር እርምጃ ወደፊት አይታይም። ሁለት ሰዓት ሽቅብ ሄዱ። ፎቶ አንሺው ሁለቴ የማያወጣ መንገድ ውስጥ ከተታቸውና መንገዱን ቀይረውታል ብሎ አሳበበ።

ከዚያ ጉሙ ተነሳ።

ተራራው ፎቶ አንሺው በጠበቀበት ቦታ አልነበረም። ፊት ለፊት ሲፈልገው ከራሱ በላይ ሆኖ አገኘው። ቀና አለ፤ ያየው ገና ወገቡን ነበር። ደግሞ ቀና አለ። ጥቁሩ ዓለት ሽቅብ ሄዶ ሄዶ በረዶው ጋ ደረሰ፤ በረዶውም አላበቃም፤ ጥላ ባረፈበት በኩል ሰማያዊ ነበር፣ እሱ ግን ሃያ ዓመት ነጭ ብቻ ቀብቶታል። አንድ አሞራ ይዞር ነበር፤ የሚዞረውም ከነሱ በታች ነው። ከሩቅ አንድ ድንጋይ ተንከባለለ፤ ድምፁ እነሱ ጋ እስኪደርስ ድንጋዩ ቆሞ ነበር። ፎቶ አንሺው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፈራም፣ ደስም አለው፤ እንባውም መጣ።

"እንዲህ ትልቅ አይመስለኝም ነበር" አለ።

ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚህ ወዲያ መደበቅ የለምና ጓደኛውን ሳያይ ጨረሰው። "መጥቼ አላውቅም። አንድም ቀን። ፎቶው ጨርቅ ነው።"

ልብስ ሰፊው አጠገቡ ተቀመጠ። ፎቶውን ከኪሱ አውጥቶ በሥዕሉ ሰማይ ላይ ጥፍሩን አሳረፈ። "ይቺን መስመር ታያታለህ? ስፌት ናት። እዚህ ጋ የሰፋችው ክር አልቆባት ሌላ ቀጥላለች። እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"መቼ አወቅክ?"

"ፖስታውን የከፈትኩ ዕለት።"

ለምን ዝም እንዳለ ቀስ ብሎ ነገረው። በመጀመሪያ ሊቀልድበት አስቦ ነበር። ግን ፎቶው ላይ የጓደኛውን አቋቋም፣ ደረቱን እንዴት እንደነፋ ሲያይ፣ ይህን ያህል የናፈቀው ሰው አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም ብሎ ተወው።

"በየዓመቱ ፖስታው ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ስፌቷን ነው" አለ። "ዘንድሮ የለችም እላለሁ፤ አለች። ሃያ ዓመት ጠበቅኩህ። እምቢ ስትል ራሴ ላወጣህ መጣሁ።"

ፎቶ አንሺው አፈረ። ከማፈሩ ይልቅ ግን እንዲህ የሚወደው ሰው እንዳለ ሳያውቅ መክረሙ ቆጨው። ሁለቱም ዳቦውን ቆርሰው፣ ቀና እያሉ በሉ።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤ ኮቱን ቆለፈ። "በል አንሳኝ። የት ልቁም?"

ፎቶ አንሺው እንደ ልማዱ ምልክቷን ሊያሳየው ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ። ከእግሩ ሥር ጠጠርና ሣር ብቻ ነው ያለው። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ተራራው በሁለቱም በኩል ይቀጥላል።

"የፈለግክበት ቁም" አለው። "ጨርቁ አያልቅም።"