የጳጉሜን ፍል ውሃ

የአሻግሬ ሥራ ጠብታ መጠበቅ ነበር። ከአምባሰል ግርጌ ከተቆፈረው ፍል ውሃ የሚወጣው እንፋሎት ለቀበሌው መብራት ይሰጣል፤ ውሃው ግን ኖራ አለበት፣ ሽቅብ ሲወጣ ቧንቧው ላይ ይጋገራል። ኖራው እንዳይዝ መድኃኒት በቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይንጠባጠባል። ጠብታው ከቆመ ቧንቧው ይደፈናል፣ መብራቱ ይጠፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የሚስቱ የእናትነሽ ማሽን ይቆማል። ሳንባዋ ደክሞ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር።

ታዲያ ጳጉሜን ገባ። በጳጉሜን ውሃው ሁሉ ጠበል ነው። ከማሽኑ ቤት ተርፎ የሚወርደው ፍል ውሃ ዳር ክርስቲያኑ ለጥምቀት፣ እስላሙም ለወገቡ ለጉልበቱ ብሎ ይሰበሰባል።

«አሻግሬ» አለችው እናትነሽ፤ «መድኃኒት የገባበት ውሃ እንዴት ጠበል ይሆናል? ጳጉሜን እስክትወጣ ዝጋልኝ። ንጹሑን ልጠመቅ።»

«ኧረ አንቺ ሴት! ቧንቧው ቢደፈንስ?»

«እድን እንደሆነስ?»

ምን ያድርግ ሰውዬው? ዓመት ሙሉ ስታቃስት እየሰማ ያደረ ባል እንዲህ ስትለው እንቢ ይበላት? እስቲ እናንተ በሉ! ዘጋው። ከማሽኑ ለአፍታ ነቅሎ፣ አቅፎ ወስዶ አስጠመቃት። ሳቀች፤ «ደረቴ ቀለለኝ» አለችው። እሱም አመነ፣ ሞኝ!

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱ ፈዘዘና ጠፋ። አሻግሬ ሮጦ መድኃኒቱን ከፈተው። ምን ዋጋ አለው! መድኃኒቱ ኖራ እንዳይዝ ይከላከላል እንጂ የያዘውን አይፈታም። መኪና ተለምኖ ይዘዋት ወጡ፤ ሐይቅ ከተማ ሳይደርሱ ክንዱ ላይ ዐረፈች።

ሐዘን ተቀምጦ ሳለ የመብራቱ ኢንጂነር ሕይወት መጣች። ለቅሶ ደርሳ ስታበቃ ከቧንቧው የተፈለፈለ ነጭ ድንጋይ አሳየችው።

«ጋሼ አሻግሬ፣ ቱቦው ተዘግቶ ነበር። ማን ዝጋ አለዎት?»

ጎረቤቱ ኑርዬ ነገሩን ያውቃል፤ ሊናገር ሲል አሻግሬ ቀደመው።

«ማንም። ሰክሬ ረሳሁት።»

ወይ ጉድ! ጠላ እንኳ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው! ኑርዬም ሆድ ይፍጀው አለ።

ከሥራው ተባረረ። ዛሬ የቀበሌው ሴቶች «ይሄ ሰካራም፣ ሚስቱን የገደለ» እያሉ ፊት ይነሱታል። እናትነሽን ሲያነሱ ግን «ምስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች» ይላሉ። እሱ የፈለገው ይህችኑ ቃል ነበር።