የአዋላጅዋ እጅ

«ዶክተርዬ፣ እግዜር ያጽናሽ!» አለ ጎረቤታቸው ቶሚ ጆ፣ ኢታ ከያዘችው ትሪ ላይ ሁለት ሳንድዊች ባንዴ እያነሳ። «ዴሊያ አምስቱንም ልጆቼን ያዋለደችልኝ ናት። አንቺ ደግሞ ጉልበቴን ታዪልኛለሽ።»

«ገና መች ገባሁ፣ ቶሚ ጆ!»

«ትገቢያለሽ! አክስትሽ ያጣችውን አንቺ ታገኚዋለሽ።»

ኢታ ፈገግ ብላ ትሪውን ወደሚቀጥለው ሰው አዞረች። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ የነገሯት ሰዎች ከአሥር ይበልጣሉ። በአየርላንዷ ማዮ ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ ሻይ ይቀዳል፣ ወሬ ይወራል፣ ይሳቃልም። አክስቷ ዴሊያ ሳሎን ውስጥ በተከፈተ ሳጥን ተኝታለች፤ እስክትቀበር ድረስ ለአፍታም ብቻዋን አትተውም። የግድግዳው ሰዓት እሷ ያረፈችበት ደቂቃ ላይ እንዲቆም ተደርጓል። ስለዚህ ኢታ ጊዜውን ለማወቅ ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ ሰረቅ እያደረገች ታያለች።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን መቀየር የምትችለው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ አዋላጅነት ብላ ሞልታለች፤ ስትሞላ እናቷ ማሬድ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ነጥቧ ለሕክምና ከበቃ ሁለተኛውን የሚያየው የለም። ኢታ ደግሞ የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው።

አፍ አውጥታ አልተናገረችም። እናቷን ትወዳታለች፤ ችግሩም እሱ ነው። «አባቴ ነው የእህቴን ዕድል የዘጋው» ትላለች ማሬድ፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር። «ሐኪም ትሆን ነበር እኮ! ሴት ልጅ ሐኪም ሆና ምን ልትሠራ ብሎ አስቀራት።» የእናቷን ይህን ቁጭት እንዴት አድርጋ እንደምትጋፋው ኢታ አታውቅም።

ባለፈው ጥር ዴሊያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ይዛት ሄዳ ነበር። ጡረታ ከወጣች ቆይታ ነበር፤ የአካባቢው ሴቶች ግን እሷ ካላየቻቸው እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ሻይ ቀረበላት። ኩባያውን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀመጠች እንጂ አልቀመሰችውም።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ፣ አክስቴ።»

«ይቀዝቀዝ። መሞቅ ያለበት እጄ ነው። በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነካም፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ እጇን ሴትየዋ ሆድ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ እዚያው አቆየችው። ስትጨነቅ የነበረችው ሴት ትንፋሿ ቀስ በቀስ ሲረጋ ኢታ አየች። እኔም ይህን ነው የምፈልገው አለች በልቧ። ሲመለሱ መንገድ ላይ «ሐኪም አለመሆንሽ ቆጭቶሽ ያውቃል?» ብላ ልትጠይቃት አሰበች፤ ግን ፈራች። አሁን የሚመልስላት የለም።

አሥር ሰዓት ገደማ ዶክተር ሄሽን በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። የአካባቢው ሐኪም ሆነው ከዴሊያ ጋር አርባ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ኢታን አዩዋት።

«ዶክተር የምትሆነው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት» አለች ማሬድ ሻይ እያቀበለቻቸው። «አባቴ ዴሊያን የነጠቃትን ልታስመልስ።»

ሽማግሌው ኩባያውን አስቀመጡ። «አባትሽ? አባትሽማ ሻንጣዋን ተሸክሞ ባቡር ጣቢያ ድረስ ያመጣት ሰው ነው! ሕክምና ለመማር ያለፍነው እኩል ነው፤ እኔ ባቡሩ ውስጥ ገብቼ ቦታ ይዤላት ነበር። እግሯን ባቡሩ ደረጃ ላይ አሳረፈችና መልሳ አወረደችው።»

«ምን ሆና?»

«እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የነገረችኝ። ‹አንተ ገብተህ ትወጣለህ፣ ሄሽን፤ እኔ አብሬ መቆየት ነው የምፈልገው› አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ስደርስ ሕፃኑ ተወልዶ፣ ታጥቦ፣ እናቲቱ ሻይ እየጠጣች ነው። እኔ ፈርሜ እሄዳለሁ!»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ማሬድ ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ አባቴ ለምን ከለከልኳት አለ?»

«ፈርታ ተመለሰች ተብሎ እንዳይሳቅባት ነዋ። ‹በኔ አሳቡ፣ እኔ ትከሻዬ ሰፊ ነው› አለ። እሷንም ቢሆን አትናገሪ ብሎ አስምሏት ነበር።»

ማሬድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ ያማችውን አባቷን አሰበችና ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። «ምስኪን አባቴ! መቃብሩ ላይ አበባ ሳስቀምጥ እንኳ እያኮረፍኩ ነበር እኮ።» ዓይኗን ጠርጋ ወደ ልጇ ዞረች። «ኢታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንቺስ ባቡሩ ላይ መውጣት ትፈልጊያለሽ?»

ኢታ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አልፈልግም፣ እማዬ። እኔም መቆየት ነው የምፈልገው።»

ማሬድ ሳጥኑን አየች፣ ልጇን አየች። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች ወደቆመው ሰዓት ቀና ብላ።

«ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሂጂ ቀይሪው!»

ኢታ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳ ላይ ሁለተኛውን ወደ አንደኛ አመጣችው። አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም። እንዲህ ደስ ብሏት ሳለ ለዴሊያ መንገር አለመቻሏ ግን አሳዘናት።

«ዶክተርዬ፣ ሻይ የለም እንዴ?» ሲል ቶሚ ጆ ከሳሎን ተጣራ።

«ዶክተርነቱ ቀርቷል፤ ጉልበትህን ሌላ ቦታ አሳይ!» አለች ማሬድ።

ኢታ ትኩሱን የሻይ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ አቅፋ ቆመች። መዳፎቿ በደንብ እስኪሞቁ ጠበቀች። ከዚያ ሳሎን ገብታ ከሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከችና የአክስቷን እጅ ያዘች።