ለአማት የተመረጠ ችግኝ

ጭነቱን ያስጫነችው ራሷ ሙፊዳ ናት። ከመካኒሳ አቦ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ባለው የችግኝ ቦታቸው ሁለት መደብ የሸውሸዌ ዛፍ ችግኝ ነበር፤ የፊተኛው ለምለም፣ የኋለኛው የገረጣና የቀጨጨ። ባሏ ሙሄ የኋለኛውን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፤ ውኃ እንኳ የሚያጠጣው ራሱ ነው። አጠጥቶት እንዲህ ከሆነ ባያጠጣው ይሻል ነበር እያለች ትስቅበት ነበር።

አሁን ሙሄ ዝዋይ፣ አባቱ ዘንድ ነው። የሽማግሌው መሬት በመስኖ ብዛት ውኃ ቋጥሮ፣ ጨው አውጥቶ፣ ሽንኩርት ካበቀለ ቆይቷል። ዘንድሮ ዛፍ እንኳ ካልያዘ ትቼው እናንተ ዘንድ እገባለሁ ብለዋል፤ ከዚያ መሬት ተነቅለው ደግሞ አንድ ክረምት የሚሻገሩ ሰው አይደሉም። ሙሄ አፈሩን በተረተር ከፍ ከፍ አድርጎ ሲጨርስ ደወለና የኋለኞቹን ላኪልኝ አላት።

ሙፊዳ አፈረችለት። ለገዛ አባቱ የቀጨጨውን ልኮ ለምለሙን ለገበያ ሊያስቀር ነው? እሷ እቴ፣ አማቷ ፊት እንዲህ ተዋርዳ አትገኝም። ለምለሞቹን አንድ በአንድ መርጣ አይሱዙው ላይ አስጫነች። የገረጡትንም ደንበኛ አይቶ እንዳይሳለቅ ከነፕላስቲካቸው እያነሳች፣ አፈሩን ለሌላ ችግኝ አራግፋ፣ አጥሩ ሥር ከመረቻቸው። ደስ ብሏት ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሙሄ ደወለ። ድምፁ ሰለል ብሏል።

«ሙፊ፣ እነዚህ እኮ የቧንቧ ውኃ የለመዱ ናቸው። እዚህ መሬት ላይ ወር አይቆዩም። የኋለኞቹን ዓመቱን ሙሉ ጨው እየበጠበጥኩ ያጠጣኋቸው ለአባባ መሬት እንዲለምዱ ነው።»

ክው አለች። ጨው? ሰው ችግኙን ጨው ያጠጣል? ለምን እንዳልነገራት ስትጠይቀው፣ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው አላት።

ግድ የለም፣ ለምለሞቹን እዚያው ለጎረቤት እንሰጣለን፣ የኋለኞቹን ነገ ጫኚያቸው አለ። ሙፊዳ ወደ አጥሩ ዞረች። የተራቆተ ሥራቸው፣ ሲያቃጥል በዋለው ፀሐይ፣ እንደ ገለባ ደርቋል።

በዚህ መሃል አማቷ ስልኩን ተቀበሉ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ለምለም ችግኝ በዕድሜዬ አላየሁም። አክብረሽኛል፣ አላህ ያክብርሽ። እንግዲህ ከዚህ የትም አልሄድም።»

«አባባ፣ ስልኩን ለሙሄ ይስጡልኝ» አለች።

ሙሄ ሃሎ ሲል፣ «የኋለኞቹ የሉም» አለችው።