የደምበጫው ጨዋታ

ይሄይስ ቼዝ ሲጫወት መቀመጥ አይችልም። ተራው ሲደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቂብ ይላል፣ ያንቀሳቅሳል፣ የሰዓቱን ቁልፍ ይመታና ተነሥቶ ይሄዳል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሌሎቹ ጠረጴዛዎች መካከል ይዞራል፣ በመስኮት ወደ አስፋልቱ ያያል፣ ተመልሶ ይመጣል። የፍኖተ ሰላም ልጆች በዚህ የተነሣ «ዘበኛው» ይሉታል።

ቼዝ የተማረው በተወለደበት ቡሬ፣ ተማሪ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ኋላ እሱም የሒሳብ መምህር ሆኖ ፍኖተ ሰላም ገባ። የዞኑን ውድድር ደጋግሞ አሸነፈ። ባህር ዳር ላይ የክልሉ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ሰው «ማስተር» ይለው ጀመር፤ ስሙም በዚያው ጸና። አዲስ አበባ ላይ ግን፣ በአገር አቀፉ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ በእጁ የገባ ጨዋታ ነበረው። ቁጭ ብሎ ማሰብ ሲገባው ሲዞር ቆየና ተመልሶ በችኮላ አበላሸው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ እንደገና እዚያ መድረስ ነበር። መንገዱም ውድድሩም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ግን ዕድሜው ከአርባ አምስት አለፈ።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የዞኑ ውድድር እንደገና ፍኖተ ሰላም ላይ ተጀመረ። ወደ ባህር ዳር የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሁለት ተጫዋቾች እኩል ነጥብ ይዘው ይመሩ ነበር፤ አንዱ ይሄይስ፣ ሌላዋ ደምበጫ ውስጥ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ያምሮት የምትባል ወጣት። የእሑዱ የመጨረሻ ጨዋታ የሁለቱ ነው። ያምሮት እናቷ ታምመውባት ስለነበር ቅዳሜ ማታ ደምበጫ ገብታ አደረች።

እሑድ ጠዋት ይሄይስ የንጉሡን ወታደር ወደፊት ገፋ፣ ሰዓቱን መታ፣ ተነሣ። ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። በር ላይ ወጥቶ የባጃጅ ሾፌሮቹን ጠየቀ።

«ጅጋ ላይ መንገድ ተዘግቷል፤ ከዚያ በኩል አንድም መኪና አልመጣ» አሉት።

ስልኳን ቢሞክር አይሠራም። ወደ ዳኛው ወደ አቶ ዘሩ ሄደ።

«አቶ ዘሩ፣ መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ከሰዓት ብናደርገውስ?»

«ከሰዓት አዳራሹ ለስብሰባ ተይዟል። ለመሆኑ አንተን ምን አስጨነቀህ? ቁጭ በል እንጂ።»

ነገ ይሁን ማለት ይችል ነበር። ትምህርት ቤቱ ክፍል ይሰጠን ማለት ይችል ነበር። ሁለተኛ ግን አልጠየቀም። ባህር ዳር ትታየዋለች፤ ከባህር ዳር ጀርባ አዲስ አበባ። መዞሩን ቀጠለ። የያምሮት ሰዓት አለቀና አቶ ዘሩ ይሄይስ በፎርፌ ማሸነፉን ተናገሩ።

ዋንጫውን ተቀብሎ ሰው ሲያጨበጭብ በሩ ተከፈተ። ያምሮት ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች፣ ጫማዋ አፈር ለብሷል። ጅጋን በእርሻው መሐል በእግሯ ዞራ፣ ከዚያ ወዲህ ጋሪ አግኝታ ነው የመጣችው። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። እሷ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የይሄይስ ወታደር እንደተገፋ ቆሟል። ጥቂት ካየችው በኋላ ከጥቁሮቹ አንዱን ወታደር አንሥታ መለሰችለት፣ የቆመውን ሰዓት መታችና ወጥታ ሄደች።

የመለሰችው እሱ የጠበቀው አልነበረም። ከዚያ በፊት ስትጫወተው አይቶ የማያውቀው ነው። በዚህ ላይ ምን አዘጋጅታ ነበር? ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ ቀመር እየጻፈ ጠመኔውን እንደያዘ ይቆማል፣ ተማሪዎቹ ይተያያሉ። ቤቱ ሲገባ ከሳሎን እስከ በረንዳ ይመላለሳል። ባለቤቱ አቻምየለሽ፣ «ኧረ እባክህ፣ ወለሉን ጨረስከው» ትለዋለች። ዋንጫውን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ እሱ አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው፣ እሷ መልሳ አወጣችው።

መንገዱ ሲከፈት ሚኒባስ ተሳፍሮ ደምበጫ ሄደ። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተሞልቷል።

«ያምሮት፣ የቀረውን እንጫወተው» አላት።

«የምን የቀረ? እርስዎ እኮ አሸንፈዋል፣ ጋሼ። ተጨብጭቦልዎታል።»

«እንቅልፍ አጣሁ።»

«እኔ ታዲያ የእንቅልፍ መድኃኒት ነኝ?» አለች። «እሱም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም።»

ተሰልፈው የነበሩት ሳቁ። ይሄይስ ፊቱ ጋለ፣ ግን አልወጣም። ጥግ ላይ ቆሞ ሰዉ እስኪያልቅ ጠበቀ። በመጨረሻ ያምሮት ጋዋኗን አውልቃ አየችው።

«እሺ፣ ቤት እንሂድ። ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ከወንበርዎ አይነሡም። ከተነሡ ተሸነፉ ማለት ነው።»

«ለምን?»

«እርስዎ ሲዞሩ እኔ ብቻዬን ስጫወት ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ልጫወት።»

አባቷ ቄስ ገብረሰንበት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማንነቱን ሲሰሙ ጠላ እንዲቀዳለት አዘዙና፣ «ዋንጫ ወሰዱ ሲሉ ሰማን፣ መምህር» አሉት። «ሞልቶ ነው ወይስ ጎድሎ?»

ይሄይስ ጠላውን ተቀብሎ ተቀመጠ። ያምሮት ሰሌዳውን በርጩማ ላይ ዘረጋች፤ ሁለቱን ወታደሮች እንደዚያ ቀን አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ተራው የሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ መልካም ሄደለት። ቆይቶ ግን መቀመጡ ከበደው። የወንበሩን ጫፍ ያዘ። እግሩን አነባበረ፣ ፈታ፣ መልሶ አነባበረ። ያምሮት አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታስባለች፤ አትቸኩልም። የጎረቤት ሰዎች መጥተው አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። ይሄይስ ሲጫወት የተጋጣሚውን ፊት ይህን ያህል አይቶ አያውቅም። ስትፈራ ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ ደስ ሲላት ደግሞ ዓይኗን ከሰሌዳው እንደምታነሣ አወቀ። አሁን ከንፈሯን ነክሳለች። በእርግጥም የሱ አሰላለፍ ይሻላል።

«አቻ ይሁን?» አለችው።

አቻ ቢል ተነሥቶ መሄድ ይችላል፤ ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለአቻ አይደለም። «አይሆንም» አለ። ሰውነቱ ግን ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለም፤ ቶሎ ይለቅ ብሎ ጮኸበት። ሳያጣራ ወታደሩን ወደፊት ገፋ። ያምሮት ዓይኗን ከሰሌዳው አነሣች። ቀጥሎ ጥቁሩ ፈረስ ዘልሎ ንጉሡንና ንግሥቷን በአንድ ጊዜ ያዛቸው።

ይሄይስ ሽንፈቱን አምኖ ንጉሡን አስተኛ።

«አሁን መነሣት ይቻላል?» አለ።

ያምሮት ሳቀች፤ አባቷም ሳቁ። እሱም ተነሥቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ።

ሰኞ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ዋንጫውን መለሰ፤ ባህር ዳር እንደማይሄድም ተናገረ። ተረኛዋ ያምሮት ነበረችና እሷ ተመዘገበች። አቻምየለሽ ስትሰማ ድስቱን ከእጇ አስቀመጠች።

«ያንን የአዲስ አበባ ጨዋታ ሳታነሣ የዋልክበት ቀን አለ? ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ?»

«እኔ እንጃ» አለ፤ እውነቱን ነው። ጽሕፈት ቤቱን ለቅቆ ገና አስፋልቱን ሳይሻገር ቆጭቶታል። ከአጥር ጀርባ በተጫወቱት አንድ ጨዋታ ምክንያት የዓመታት ድካሙን ሰጥቶ ነው የወጣው። ተመልሼ ሐሳቤን ቀየርኩ ልበል ብሎ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜም ተወው።

የባህር ዳሩ ውድድር ሲጀመር ትምህርት ተዘግቶ ነበር። ቤት መዋል ቢያቅተው ቡሬ እናቱ ዘንድ ሄደ። እዚያም አልረጋ አለ። አንድ ጠዋት የባህር ዳር አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል ሲመጣ ወረደ። ሄዶ ምን ሊል ነው? የተመልካች ወንበር ላይ ሊቀመጥ? ውጤቱን ከሰው ከሰው ይሰማል፤ አሸነፈች ሲሉት ደስታውና ቅናቱ አብረው ይመጡበታል።

ውድድሩ ባለቀ ማግስት ያምሮት የተሳፈረችበት መኪና ቡሬ ለምሳ ቆመ። ይሄይስ መናኸሪያው በር ላይ ነበር። ገና ከደረጃው ስትወርድ አየችው።

«ሦስተኛ ወጣሁ፣ ጋሼ!»

«ሰማሁ። የመጨረሻውን ጨዋታ አሳይኝ እስቲ።»

ምግብ ቤቱ ውስጥ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። በአቻ የጨረሰችው ነው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ጋ ፈረሱን ብትሠዊው ታሸንፊ ነበር።»

«ሦስተኛ ወጣሁ እኮ ነው የምልዎ!»

«አውቃለሁ። ግን እይው።»

ተቆጥታ አየችው። ቆይታ ሽሮዋን ትታ ስልኩ ላይ አጎነበሰች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ተጋፍቶ ገባ፤ እሷም ሮጣ ገባች፣ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ንጉሡ ወደ ጥግ ቢሸሽስ?»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። «ግንቡን ታመጪዋለሽ!» አለ እየተከተለ፤ ድምፁን ሞተሩ ዋጠው። አውቶቡሱ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገድ ታጠፈ።

ይሄይስ አቧራው ውስጥ ቆሞ አሰበ። ንጉሡ ወደ ጥግ ቢሸሽ ግንቡ አይደርስበትም። ያመልጣል። ሚኒባሶች «ፍኖተ ሰላም፣ ፍኖተ ሰላም» እያሉ ይጠሩታል፤ አልሰማቸውም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ልክ ነሽ፣ ያመልጣል» አላት። «ግን ቆይ፣ ሌላ መንገድ ያለ ይመስለኛል። ወታደሩን መጀመሪያ ብንገፋስ?»

«ስልኩን አይዝጉት» አለች ያምሮት። «እያየሁት ነው።»