ለልጄ ነው ያልኩት ጥያቄ

በዚህ ዕድሜዬ አረገዝኩ። አዎ፣ እኔ! መጋረጃ ሰፊዋ፣ ሴት ልጄ የበኩር ልጇን ልትወልድ ቀኗ የደረሰ፣ አያት ልሆን ነው እያልኩ ሳወራ የከረምኩት እኔ። ባሌ ሲሰማ ደረቱን ነፍቶ ሳቀ፤ "ገና ነን ማለት ነው!" አለ። ለእሱ ጀብዱ ነው፤ ሆዱ የሚገፋው የእኔ ነዋ!

እፍረቱ ሳያንሰኝ በየማታው የምውጠው የኮሌስትሮል ክኒን አለ። እናቴን የወሰዳት የልብ በሽታ ስለሆነ፣ ደሜን ያየው ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። እኔ ደግሞ ዝንጉ ነኝ። ስለዚህ ለወሊድ እኔ ቤት የገባችው ልጄ ማታ ማታ ውሃ ይዛ እፊቴ ትገተራለች። "ዋጪ! አፍሽን ክፈቺ ልየው" ትለኛለች፣ ጡት አጥብቼ ያሳደግኋት!

አንድ ቀን የክኒኑ ካርቶን ውስጥ የታጠፈችውን ወረቀት ገልጬ ባነብ፣ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው ይላል። ክው አልኩ። ግን አልወስድም ብል "ለምን?" ልትለኝ ነው። ከአንቺ እኩል አርግዣለሁ ብዬ በየት አፌ ልንገራት? ዋጥኩት። በማግስቱም ዋጥኩት። እያወቅኩ!

በመጨረሻ እንቅልፍ ሳጣ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቷ የልጄ አብሮ አደግ ናት።

"ነፍሰ ጡር ይህን ብትውጥ ምን ትሆናለች?" አልኳት።

"ማናት የዋጠችው?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ልጄ" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ልጅቷ ደነገጠች። "በሉ እትዬ፣ ከአሁን ጀምራ እንዳትነካው። ሳያውቁ የወሰዱ ብዙዎቹ በሰላም ይወልዳሉ፤ ግን ዛሬውኑ ሐኪሟ ይያት" አለችኝ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ ጋዋኗን እንደለበሰች ልጄ ወደምትጠብቅልኝ ሱቄ ተሻገረች።

ተከትያት ስደርስ ልጄ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማዬ፣ በምን ሰጠሽኝ? ሻይ ውስጥ ጨምረሽብኝ ነው? ልጄን ምን አደረግሽብኝ?"

መጋረጃዋን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ምን ይዋጠኝ! ሌላ ክኒን ነው ልል አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜም ልዋሽ ነበር። ልጄ ግን ማልቀስ ጀመረች።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የዋጥኩት እኔ ነኝ። ያረገዝኩትም እኔው ነኝ።"

ደንበኛዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በመጋረጃው ሸፈነች። ልጄ እንባዋን ጠርጋ ሆዴን አየችው። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በሳቀችብኝ!

"ትናንት ማታ ውሃ ሳቀብልሽ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"እኔን አፍረሽ፣ በእኔው እጅ ሆድሽ ውስጥ ላለው ልጅ መድኃኒቱን ሰጠሽው?"

እናትነቴ የት ገባ? ልጄን አፈርኩ ብዬ፣ የሆዴን ልጅ አሳልፌ ሰጠሁት።

"ነይ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" ብላ ቦርሳዬን አነሳች። እሷ ሆዷን አስቀድማ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ወጣን። በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ፤ "ቀስ በይ እማዬ፣ ብቻሽን አይደለሽም" አለች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።